አምስት ሰከንድ

ሮበርት ጄካንስኪ ከፖላንዷ ግሊቪትሴ ተነሥቶ ወደ ካናዳ ሲጓዝ አውሮፕላን ላይ የወጣው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ዕድሜው 40፣ እንግሊዝኛ አይችልም፤ ቀደም ብላ ካናዳ የገባችው እናቱ ናት የጠራችው። ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው ኦክቶበር 13 ቀን 2007 ከቀኑ 9 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እናቱ «ሻንጣ መቀበያው ጋ ጠብቀኝ» ብላዋለች። ያላወቀችው ነገር፣ ሻንጣ መቀበያው ከኢሚግሬሽኑ በር ወደ ውስጥ መሆኑንና ተቀባይ ዘመድ እንደማይገባበት ነው። እሱ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ ሆነው ሰዓታት ነጐዱ። ደጋግማ ጠየቀች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ «የለም» የሚል መልስ ይዛ ካምሉፕስ ወደሚባለው የመኖሪያ ከተማዋ ተመለሰች። ልጇ ግን እዚያው ነበር። ከቦሌ ዘመድ ሸኝቶ «ስትደርስ ደውል» ያለና ስልክ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ጄካንስኪ የመግቢያ ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ውጭኛው አዳራሽ የወጣው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ደክሞታል፣ አልቦታል፣ የሚያናግረው ሰው የለም። ወንበር አነሣ፤ ትንሽ ጠረጴዛ በሩ ላይ ገተረ፤ ኮምፒውተር ወርውሮ ሰበረ። አንዲት መንገደኛ ቀረብ ብላ በእጅ ምልክት ልታረጋጋው ስትሞክር ግን ምንም አላደረጋትም። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ፖል ፕሪቻርድ የተባለ ሌላ መንገደኛ በካሜራው ስለቀረጸው ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ግድም አራት የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ አባላት የአዳራሹን አጥር ዘለው ገቡ። አንዳቸውም ፖላንድኛ አይችሉም። ሰውየው እጁን ወደ ላይ ወርወር አደረገና ዞር ብሎ ወደ አንድ ባንኮኒ ሄደ፤ እዚያ ላይ የነበረ ስቴፕለር አነሣ። ፖሊሶቹ ከደረሱ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ቴዘር ከሚባለው መሣሪያ የመጀመሪያው ኮረንቲ ተለቀቀበት። ጮኸ፤ ወደቀ። መሬት ላይ እንዳለ ተደገመ። በጠቅላላው አምስት ጊዜ ነው። ከዚያ ላዩ ላይ ሆነው ካቴና አጠለቁለት። የአምቡላንስ ሠራተኞች ሲደርሱ ሊያተርፉት አልቻሉም።

ፖሊስ መጀመሪያ በሰጠው መግለጫ መሣሪያው የተተኮሰው ሁለት ጊዜ ነው ብሎ ነበር። ፕሪቻርድ ቪዲዮውን ለፖሊስ የሰጠው ቶሎ እንደሚመለስለት ቃል ተገብቶለት ነው፤ ቃሉ ሲታጠፍ ጠበቃ ይዞ ጠየቀ። ቪዲዮው በኖቬምበር አጋማሽ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ካናዳ ውስጥ ላላየው ሰው የቀረ አይመስልም ነበር። ያ ቪዲዮ ባይኖር ኖሮ ጄካንስኪ በፖሊስ መዝገብ ውስጥ «ሲታገል ልቡ የቆመ የውጭ ዜጋ» ሆኖ በቀረ ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚህ ምዕራፍ የማነሣውም ይኼንኑ ነው፦ ሰው በፖሊስ እጅ ሲሞት የሞቱን ምክንያት የሚጽፈው ማነው? ሲጽፍስ ምን ትቶ ነው የሚጽፈው?

መጀመሪያ ግን መሣሪያው። ቴዘርን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሠርቶ ያጠናቀቀው ጃክ ከቨር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ፖሊስ ከዱላ የሚበልጥ፣ ከጥይት የሚያንስ ነገር ያግኝ ነው። የመጀመሪያው ቴዘር ቀስቶቹን የሚያስፈነጥረው በባሩድ ስለነበር የአሜሪካ መንግሥት በ1976 ከጦር መሣሪያ መደበው፤ ገበያውም ታነቀ። በ1993 ሪክና ቶም ስሚዝ የሚባሉ ወንድማማቾች አሪዞና ውስጥ ኩባንያ አቋቁመው ባሩዱን በታመቀ ናይትሮጅን ተኩት። መሣሪያው በዚህች ለውጥ ብቻ ከጠመንጃ ሕግ ወጣ። ዛሬ ኩባንያው አክሰን ይባላል፤ ለፖሊሶች ደረት ላይ የሚለጠፈውን ካሜራም የሚሸጠው እሱ ነው።

ጄካንስኪ ላይ የተተኮሰው ኤክስ 26 የሚባለው ዓይነት ነበር። ቃታው ሲሳብ ቀጭን ሽቦ የሚጎትቱ ሁለት ባለ ሹል ቀስቶች ወጥተው ልብስ ወይም ቆዳ ላይ ይሰካሉ። ኮረንቲው ከአንዱ ቀስት ወደ ሌላው የሚሄደው በሰውየው ሥጋ ውስጥ አልፎ ነው። ጋዜጣ ሁሉ የሚጽፈው 50,000 ቮልት የሚለውን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ ብዙ አይናገርም። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አስቡ። ሮቶው ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል፤ ቮልት ማለት እሱ ነው። በቧንቧው የሚወርደው ውሃ ብዛት ደግሞ አምፔር ነው። የቴዘር ሮቶ እጅግ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ የሚያወርደው ግን ጠብታ ጠብታ ነው። 50,000 ቮልቱ የሚያስፈልገው በቀስቱና በቆዳው መካከል ያለውን አየርና ልብስ ለመዝለል ሲሆን ሥጋ ውስጥ ሲገባ ወደ 1,200 ቮልት ገደማ ይወርዳል። እያንዳንዱ ምት የሚቆየው የሰከንድ አንድ አሥር ሺሕኛ ያህል ነው፤ በሰከንድ 19 ጊዜ ይመላለሳል፤ ቃታው አንዴ ከተሳበ ለአምስት ሰከንድ። ጣት ካልተነሣ ግን ከአምስት ሰከንድም በላይ ይቀጥላል።

ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ በዚህ ምት ይዋጣል። ጡንቻ በሙሉ ይኮማተራል፤ ሰው ያለ ፈቃዱ ደርቆ ይወድቃል። ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ፊቱን መከላከል አይችልም። ቀስቶቹ ተቀራርበው ከተሰኩ ወይም መሣሪያው ራሱ ገላ ላይ ተደግፎ ከተለቀቀ ግን ሰውየው አይደርቅም፤ ሕመም ብቻ ነው የሚቀረው። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ ፖርቱጋል የገዛችውን ኤክስ 26 አስመልክቶ፣ የሚያስከትለው ስቃይ ማሰቃየት ሊሆን ይችላል ያለው ጄካንስኪ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው።

ልብም ጡንቻ ነው። አንዱ ቀስት ደረት ላይ፣ በተለይ ቀጭን ሰው ላይ ከልብ በቅርብ ርቀት ሲሰካ፣ ምቱ የልብን ምት ሊነጥቅ ይችላል። ልብ ከአቅሟ በላይ ስትጣደፍ ደም መርጨቷን ትታ ትንቀጠቀጣለች፤ በደቂቃዎች ውስጥ የልብ ማስነሻ መሣሪያ ካልደረሰ አበቃ። ዳግላስ ዛይፕስ የተባሉ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የልብ ሐኪም በ2012 ሰርኩሌሽን በተባለው የሕክምና መጽሔት፣ በኤክስ 26 ደረታቸው ላይ ተተኩሶባቸው ራሳቸውን የሳቱ ስምንት ሰዎችን ጉዳይ አትመዋል። ሐኪሙ በኩባንያው ላይ በቀረቡ ክሶች ተከፋይ ባለሙያ ምስክር ነበሩ፤ ኩባንያው ይህን ሳያነሣ አያልፍም፤ አንባቢም ቢያውቀው አይከፋም። ኩባንያው ራሱ ግን ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ በኦክቶበር 2009፣ ፖሊሶች ከተቻለ ደረት ላይ እንዳያነጣጥሩ መክሯል። ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ መሣሪያው ልብን ይነካል አይነካም ከሚለው ክርክር ለመራቅ የሚል ነው። በጣም ጥንቁቅ አጻጻፍ ነው፤ ጠበቃ ያየው መሆኑ ያስታውቃል።

የተተኮሰባቸው እጅግ የሚበዙት ሰዎች ተነሥተው እንደሚሄዱ መካድ አይቻልም። ፖሊሶችም በሥልጠና ላይ ራሳቸው ይቀምሱታል፤ «እኛ ላይ ተሞክሯል፤ ማን ሞተ?» ማለት ይወዳሉ። ሥልጠናውን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። መሬቱ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ሠልጣኙ ጤነኛና ወጣት ነው፤ ሁለት ባልደረቦቹ እንዳይወድቅ ብብቱን ይዘውታል። ቀስቱ የሚሰካው ጀርባው ላይ ነው። አምስት ሰከንድ ይቆጠርና ሁሉም ያጨበጭባል። ጎዳና ላይ የሚተኮስበት ሰው ሲሮጥ ወይም ሲታገል የቆየ ነው፤ ጠጥቶ ወይም አእምሮው ታውኮ ይሆናል፤ አምስቱ ሰከንድ ይደጋገማል፤ ከወደቀ በኋላ ሁለት ሦስት ሰው ጀርባው ላይ ይወጣበታል። ፍራሽ ያነጠፈለት የለም።

የሮይተርስ ጋዜጠኞች በ2017 ባወጡት ምርመራ በአሜሪካ ፖሊስ ቴዘር ከተጠቀመባቸው በኋላ የሞቱ 1,005 ሰዎችን መዝግበዋል፤ አብዛኛው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ይህ ማለት መሣሪያው 1,005 ሰው ገደለ ማለት አይደለም። በ153ቱ ላይ መርማሪ ሐኪሞች መሣሪያውን የሞት ምክንያት ወይም አስተዋጽኦ ያደረገ ብለው ጽፈዋል። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ከሟቾቹ ከአሥሩ ዘጠኙ መሣሪያ አልያዙም፤ ከአራቱ አንዱ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። በጥይት ፋንታ የመጣው መሣሪያ፣ ጥይት በማይተኮስበት ቦታ ነው የተተኮሰው። ቫንኩቨር ላይ ቴዘር ባይኖር አራቱ ፖሊሶች ስቴፕለር የያዘ ሰው ላይ ሽጉጥ ይመዙ ነበር የሚል የለም። ምናልባት አስተርጓሚ ይጠሩ፣ ምናልባት ይጠብቁ፣ ምናልባትም ተረባርበው ይይዙት ነበር። ቴዘሩ ቦታውን የወሰደው ከሽጉጡ ሳይሆን ከትዕግሥቱ ነው።

ሐኪሙ የሚጽፈውን ወረቀት በተመለከተ የኦሃዮን ያህል የሚያስተምር ታሪክ የለም። በሰሚት ካውንቲ የአስከሬን ምርመራ ኃላፊዋ ሐኪም በሦስት ሟቾች የምስክር ወረቀት ላይ ቴዘርን ከሞት ምክንያቶች አንዱ አድርገው መዘገቡ። ኩባንያው ከሰሳቸው። በሜይ 2008 ዳኛው ቃሉ ከሦስቱም ወረቀት እንዲፋቅ አዘዙ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በተከታዩ ዓመት አጸናው። በመላ አሜሪካ ስንት መርማሪ ሐኪም ይህን ሰምቶ ብዕሩን እንዳቀና መለካት አይቻልም፤ መልእክቱ ግን አልደረሰም ማለት ይከብዳል። ደመወዙ ከካውንቲ የሆነ ሐኪም ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጠበቆች ጋር ዓመታት ከመጨቃጨቅ «አልታወቀም» ብሎ መፈረም ይቀለዋል።

ከ«አልታወቀም» የተሻለ መውጫም ተገኝቶ ነበር፤ በእንግሊዝኛ «ኤክሳይትድ ዴሊሪየም» የሚባል ስያሜ ነው፤ በአማርኛ «የሚያቅበጠብጥ ቅዠት» ልንለው እንችላለን። በ1985 ቻርልስ ዌትሊ የተባሉ የማያሚ መርማሪ ሐኪም ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ኮኬይን የወሰዱ ሰዎች በከፍተኛ ሁከት ውስጥ ሆነው ድንገት እንደሚሞቱ ጻፉ። ዌትሊ በዚያው ዘመን በማያሚ ተራ በተራ ሬሳቸው የተገኘ ጥቁር ሴቶችን በኮኬይንና በወሲብ ምክንያት የሞቱ ናቸው አሉ። ቆይቶ የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ሬሳ ተመረመረ፤ ደሟ ውስጥ ኮኬይን የለም። አለቃቸው የቀደሙትን መዝገቦች መልሰው ሲያዩ ሴቶቹ ታንቀው የተገደሉ መሆናቸው ወጣ፤ ከደርዘን በላይ ናቸው፤ ፖሊስም አንድ ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ጠረጠረ። ሐሳቡ እዚያው መቀበር ነበረበት። አልተቀበረም፤ እንዲያውም በቴዘር ዘመን ሞገስ አገኘ። ሰው በኮረንቲና በጉልበት ተይዞ ሲሞት፣ «ድሮም ሊሞት ነበር፤ ውስጡ የነበረው ሁከት ነው የገደለው» ለማለት ይመቻል። ሟቹ የሞቱ ምክንያት ይሆናል። ይህ ስያሜ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም አልተቀበለውም። የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅ ግን በ2009 ደግፎ ጽፎለት ነበር፤ ድጋፉን የሳበው በኦክቶበር 2023 ነው። ካሊፎርኒያም በዚያው ወር በሞት ምክንያትነት እንዳይጻፍ በሕግ ከለከለች። በመካከሉ 14 ዓመት አልፏል፤ በእነዚያ ዓመታት የተፈረሙ ወረቀቶች ግን በየመዝገብ ቤቱ እንዳሉ ናቸው።

ካናዳ ሌላ መንገድ ሄደች፤ ለዚህ ነው የጄካንስኪን ጉዳይ ያስቀደምኩት። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ቶማስ ብሬድዉድን፣ የአጣሪ ኮሚሽን ሰብሳቢ አድርጎ ሾመ። ዳኛው በመጀመሪያ መሣሪያውን፣ ቀጥሎ ግድያውን መረመሩ። በ2009 ባወጡት ሪፖርት መሣሪያው ሊገድል እንደሚችል፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ እንደሚችል አስፍረው 19 ምክረ ሐሳቦች አቀረቡ። ፖሊስ እንዲተኩስ የሚፈቀድለት ሰውየው ጉዳት ሲያደርስ ወይም ወዲያው ሊያደርስ ሲል፣ በንግግርም ሆነ በሌላ ቀላል መንገድ ማብረድ እንደማይቻል ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን አሉ። ከአምስት ሰከንድ እንዳይበልጥ፣ የልብ ማስነሻ መሣሪያም እንዲቀርብ ጠየቁ። ክፍለ ሀገሩ ሁሉንም ተቀበለ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመሣሪያው አጠቃቀም በእጅጉ አሽቆለቆለ። ኩባንያው እዚህም ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ በ2010 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛው ሪፖርት አራቱ ፖሊሶች ስለ ስቴፕለሩ የሰጡትን ማብራሪያ የማይታመን ብሎታል። ከዚያ ቀደም ብሎ የፖሊስ ኃይሉ እናቲቱን ይቅርታ ጠይቋል፤ በ2013 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ሞት መርማሪ ሞቱን በሰው እጅ የደረሰ ብሎ መዘገበው።

በግድያው የተከሰሰ ፖሊስ ግን የለም። አራቱም የተከሰሱት በአጣሪ ኮሚሽኑ ፊት በሐሰት መስክራችኋል ተብለው ነው። ሁለቱ ነጻ ወጡ፤ ሁለቱ ተፈርዶባቸው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 የጥፋተኝነት ፍርዱን አጸናው። ሰውን አምስት ጊዜ በኮረንቲ መምታት አላስከሰሰም፤ ስለ እሱ ሐሰት መናገር አሳሰረ።

የእንግሊዝ ኳስ የሚከታተል የእኛ ሰው ዳልያን አትኪንሰንን ያስታውስ ይሆናል፤ በ1994 አስቶን ቪላ ማንቸስተር ዩናይትድን ረትቶ የሊግ ካፑን ሲወስድ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ጤናው ታውኮ ሳለ ኦገስት 15 ቀን 2016 ሌሊት ቴልፎርድ ውስጥ በአባቱ ቤት ደጃፍ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ተፋጠጠ። ቤንጃሚን መንክ የተባለው ፖሊስ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሁለቱ አልያዙም፤ ሦስተኛው ያዘ፤ ጣቱን ከቃታው ሳያነሣ 33 ሰከንድ ቆየ። አትኪንሰን መሬት ላይ ወድቆ ሳለ መንክ ራሱ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ረገጠው፤ የጫማው ክር ምልክት ግንባሩ ላይ ታትሟል። በ2021 ያለ ቅድመ ሐሳብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሎ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። በእንግሊዝ በሥራ ላይ እያለ ሰው በመግደል ፖሊስ ሲፈረድበት ከ30 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር። የመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ እያንዳንዱን የቃታ ስበት በሰከንድ ስለሚመዘግብ 33ቱ ሰከንድ የማያከራክር ሆነ። ፍርድ ቤት ውስጥ ከማንኛውም ምስክር የጸናው እሱ ነው።

አውስትራሊያ ኩማ ከተማ በሜይ 2023 የሆነው ደግሞ ከልብ ጋር አይገናኝም። የመርሳት ችግር ያለባቸው የ95 ዓመት አዛውንት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቢላ ይዘው፣ በመደገፊያ እየተመሩ በዝግታ ይራመዳሉ። ፖሊሱ ከደቂቃዎች ክርክር በኋላ ተኮሰ። አዛውንቷ ወደ ኋላ ወድቀው ጭንቅላታቸው ተመታ፤ ከሳምንት በኋላ ሞቱ። የዳኞች ጉባኤው ጥፋተኛ አለው፤ እስር ግን አልተፈረደበትም፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በ2025 ተረታ። ኩባንያው ደጋግሞ የሚከራከርበት የልብ ጉዳይ እዚህ ቦታ የለውም፤ ገዳዩ ወለሉ ነው፤ ወለሉ ላይ የጣለው ግን ቀስቱ ነው።

የእኛን ሰዎች የሚመለከተው ከእስራኤል ነው። በ2014 ቢንያሚና አካባቢ አንድ ወጣት ቤተ እስራኤል በፖሊስ ቴዘር ተተኮሰበት፤ ከወራት በኋላ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን አጠፋ አለ፤ ቤተሰቡ ከዚያች ማታ በኋላ ሰው መሆን አቅቶት ነበር አሉ። ጉዳዩ በ2015ቱ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ሰልፍ ላይ ደጋግሞ ተነሥቷል። ሞቱ ከወራት በኋላ የመጣ ስለሆነ በቴዘር ሟቾች ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ 1,005ን በመሰለ ዝርዝር ውስጥም ቦታ የለውም።

መሣሪያው ራሱ ዛሬ ከኤክስ 26 ብዙ ርቋል። በ2023 የወጣው ቴዘር 10 አሥር ቀስት ይይዛል፤ ከ13 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ቮልቱም ወርዷል። ከእሱ ቀድሞ በነበሩት ዓይነቶች ላይ፣ ጣት ከቃታው ባይነሣም ኮረንቲውን በአምስተኛው ሰከንድ በራሱ የሚያቋርጥ ባትሪ ተሠርቷል። አትኪንሰን ላይ የተተኮሰው ይህ አልነበረውም። ባትሪው ከመሣሪያው ጋር በግድ የሚመጣ ሳይሆን በምርጫ የሚገዛ ነው፤ ይገዛ አይገዛ የሚለውን የሚወስነው የየፖሊስ መምሪያው የግዢ ክፍል ነው።